ዛፍ ከምን ይሠራል? ስለ ፎቶሲንተሲስ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። የሚያወራው እጽዋት የፀሐይን ብርሃን ተጠቅመው ምግብ ስለሚሠሩበት ሂደት፣ ስለ ፎቶሲንተሲስ ነው። አጻጻፉ ይጥማል። የሚያነሳቸው ጥያቄዎችም ማንኛውም አስተዋይ ሰው የሚጠይቃቸው ናቸው። ብዙ ሰው ያጋራው ለዚህ ይመስለኛል። መልሶቹ ግን አብዛኞቹ ስህተት ናቸው። ስህተቱም የቁጥር መዛነፍ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። በምድር ላይ ያለ ሕይወት ከሞላ ጎደል በምን እንደቆመ የሚነካ ስለሆነ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅድሚያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ዋና ሐሳባቸው ፀሐይ ለእጽዋት ረዳት እንጂ መሠረት አይደለችም የሚል ነው። የእጽዋት ምግብ ከአፈር ይመጣል ይላሉ፤ ማዳበሪያ ሲጨመር ሰብል የሚፋፋው ለዚህ ነው። ዘር ጨለማ ውስጥ ይበቅላል፣ ድንች ጓዳ ተቀምጦ ያቆጠቁጣል፣ እንጉዳይም ብርሃን አይፈልግም። ስኳሩ ራሱ የሚሠራው "የጨለማ ሂደት" በሚባለው ክፍል፣ ማለትም ሌሊት ነው። ብርሃኑንም ቢሆን እጽዋት ያባክኑታል፤ ከመቶ 1 እጅ ብቻ ሲጠቀሙ የሶላር ፓነል 20 እጅ ይጠቀማል። ስለ ኦክስጅንም ሦስት ነገር ይላሉ። ኦክስጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ተፈልቅቆ የሚወጣ ነው። ሌሊት እጽዋት ኦክስጅን ስለሚሻሙን መኝታ ቤት ማስገባት አደገኛ ነው። የአማዞን ደን ደግሞ የዓለምን ኦክስጅን 20 በመቶ ስለሚሰጥ ከጠፋ ትንፋሽ ያጥረናል።

እኔ እንደማየው አብዛኛው ስህተት ከአንድ ቦታ ይነሣል። ጽሑፉ ሁለት ጥያቄዎችን ያደባልቃል። የተክሉ ገላ የተሠራበት ቁስ ከየት መጣ? ያንን ቁስ ለመገጣጠም የወጣው ጉልበትስ ከየት መጣ? መልሶቻቸው የተለያዩ ናቸው። ቁሱን በቁስነቱ፣ ጉልበቱን በጉልበትነቱ ለየብቻ ተከትሎ የሚሄድ ሰው መንገዱን አይስትም።

ከአፈሩ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተደገፈው እሱ ላይ ነውና።

ተክል ገላውን የሚሠራው ከአፈር ነው የሚለው እምነት ከጥንቶቹ ግሪኮች ጀምሮ የነበረ ነው። በሚዛን የፈተነው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የሚባል የፍላንደርስ ሐኪምና ኬሚስት ነበር። 200 ፓውንድ የደረቀ አፈር በትልቅ ዕቃ ሞላ። 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። ለ5 ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏን አውጥቶ ሲመዝን 169 ፓውንድ ሆና ተገኘች። አፈሩን እንደገና አድርቆ ሲመዝን የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ሆነ። በዛሬ መለኪያ ዛፏ ከ70 ኪሎ በላይ ጨምራለች፤ ከአፈሩ የጎደለው ግን 60 ግራም እንኳ አይሞላም። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1648 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው ይህን ሙከራ አላነሱትም። ዛፍ የሚሠራው ከአፈር ከሆነ፣ 70 ኪሎ ዛፍ ሲጨመር ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ አፈር መጉደል ነበረበት። አልጎደለም። ይህን ሳይመልሱ "ምግቡ አፈሩ ነው" ማለት አይቻልም።

ቫን ሄልሞንት ራሱም የደረሰበት መደምደሚያ ሙሉ አልነበረም። ዛፏ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ተሠራች አለ። አየሩን ከቁጥር አላስገባውም። የሚገርመው፣ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣውን ጋዝ፣ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን፣ ከተራው አየር ለይተው ካወቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የሚፈልገው ነገር እጁ ላይ ነበር።

የአየሩ ድርሻ የታወቀው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1782 ዣን ሰኔቢዬ፣ እጽዋት በብርሃን ኦክስጅን የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኙ እንደሆነ አሳየ። በ1804 ደግሞ ኒኮላ ቴዎዶር ደ ሶሱር እጽዋትን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አሳድጎ ለካ። የጨመሩት ክብደት ከአየሩ ከወሰዱት ካርቦን በልጦ አገኘው። ትርፉ ከውሃ የመጣ ነበር። በዚህ የቁሱ ጥያቄ በመሠረቱ ተመለሰ። ተክልን አድርቀን ብንመረምረው ክብደቱ 45 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ ያንኑ ያህል ኦክስጅን፣ 6 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ነው። እነዚህ ሁሉ የመጡት ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ነው። ለአፈር የሚተርፈው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

የሚጠራጠር ሰው እንጨት አቃጥሎ አመዱን ይመዝን። ከአፈር የተወሰዱት ማዕድናት በአብዛኛው ያ አመድ ናቸው። ወደ አየር የሄደው ቀሪው ክብደት መጀመሪያም ከአየርና ከውሃ የመጣ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከ10,000 ሞሊኪውል 4 ገደማ ብቻ ነው። ግዙፍ ደን በሙሉ ከዚህ ከሳሳ ጋዝ የተለቀመ መሆኑን ሳስብ፣ እውነቱ ከጽሑፉ ታሪክ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ይታየኛል።

የማዳበሪያውን ነገርስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። ማዳበሪያ ምርት ይጨምራል፤ ያለ ማዕድን ተክል አይኖርም። ብርሃን የሚይዘው የቅጠል አረንጓዴ ቀለም፣ ክሎሮፊል፣ ሞሊኪውሉ መሐል ላይ የተቀመጠው ማግኒዥየም ነው። በፎቶሲንተሲስ ጊዜ ውሃ የሚሰነጠቅበት ቦታ 4 የማንጋኒዝ አቶሞች አሉት። ናይትሮጅን ከሌለ ፕሮቲን የለም፤ ፕሮቲን ከሌለ ፎቶሲንተሲስን የሚያካሂዱት ኢንዛይሞች የሉም። አፈር የሚሰጠው የማምረቻውን ዕቃ መሥሪያ ነው። ማምረቻው የሚሠራበትን ጉልበት ግን አይሰጥም። በማዳበሪያ የታጨቀ አፈር ላይ የተተከለ ችግኝ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይዘጋበት፤ ይገረጣል፣ ይቀጥናል፣ ይሞታል። በተቃራኒው ያለ አፈር፣ ጥቂት ማዕድን በሟሟበት ውሃ ላይ ብቻ፣ ብርሃን እያገኘ ሙሉ ዕድሜውን የሚኖር ተክል አለ። ይህ ዘዴ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዛሬም ብዙ አትክልት ይመረትበታል።

በጨለማ ስለሚበቅለው ዘርና ስለ ድንቹ የተነሣው ነጥብም ቢሆን ሲታይ ኃይለኛ ይመስላል። ለመመለስ ግን ሚዛን ይበቃል። ባቄላ ጨለማ ውስጥ ይብቀል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ችግኙን አድርቃችሁ ብትመዝኑት ከመጀመሪያው ደረቅ ዘር ያነሰ ነው። ረዝሟል፣ ከብዷልም፤ የጨመረው ግን ውሃ ነው። ደረቁ ቁስ ቀንሷል፤ ምክንያቱም ዘሩ የተቀመጠለትን ስታርች እያቃጠለ ነው የሚያድገው። ድንቹም እንዲሁ። ያ ስታርች ደግሞ ቀደም ሲል በእናቱ ተክል ቅጠል ላይ በፀሐይ የተሠራ ነው። ስለዚህ ምሳሌው የሚያሳየው ተክል ለጥቂት ጊዜ በቁጠባ መኖር እንደሚችል ነው። እንጉዳይን በተመለከተ፣ ተክል አይደለም። ፈንገስ ነው፤ ሌሎች የሠሩትን ቁስ እያፈረሰ ይኖራል።

ለጸሐፊው ከእንጉዳይ የተሻለ ምሳሌ ልጨምርላቸው። ክሎሮፊል የሌላቸው እውነተኛ እጽዋት አሉ። ግዙፉን አበባ የምታወጣው ራፍሌዢያ አንዷ ናት። ግን እሷም የምትኖረው የሌላ ተክል ሥጋ ውስጥ ገብታ እሱ በፀሐይ የሠራውን እየመጠጠች ነው። ያኛው ብርሃን ካጣ ሁለቱም ያልቃሉ።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ ምንጭ እንሂድ። ስህተቱ የሚያስተምረው ብዙ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

"ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይወስዳል፣ ካርቦኑን ያስቀራል፣ ኦክስጅኑን ይመልሳል" የሚለው አባባል ቀላልና ማራኪ ነው። በዚህ ጸሐፊውን አልወቅስም፤ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ብዙ ሳይንቲስቶችም የሚያስቡት እንዲሁ ነበር። ሐሳቡን ያናጋው ኮርኔሊስ ቫን ኒል ነው። ያጠናው ብርሃን እየተጠቀሙ የሚኖሩ ሐምራዊ የሰልፈር ባክቴሪያዎችን ነበር። እነዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ፤ በውሃ ፈንታ ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን የገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠቀማሉ። ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣ ቢሆን ኖሮ እነሱም ኦክስጅን መልቀቅ ነበረባቸው። አይለቁም። የሚያወጡት ሰልፈር ነው። ቫን ኒል ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ አሰበ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲሰነጠቅ ሰልፈር ከተረፈ፣ ውሃ ሲሰነጠቅ የሚተርፈው ኦክስጅን መሆን አለበት።

ይህ ገና ግምት ነበር። በ1937 እንግሊዛዊው ሮበርት ሂል ክሎሮፕላስቶችን፣ ማለትም ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድባቸውን የሴል ክፍሎች፣ ከቅጠል ለይቶ አወጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልሰጣቸውም። በምትኩ ኤሌክትሮን የሚቀበል የብረት ውህድ ጨመረላቸውና ብርሃን አበራባቸው። ኦክስጅን ለቀቁ። በጽሑፉ አባባል ከሄድን ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ ኦክስጅኑ የሚፈለቀቅበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ አልነበረማ!

በ1941 ደግሞ ሳሙኤል ሩበን፣ ማርቲን ኬመንና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ በርክሌይ አቶሞቹን ምልክት አድርገው ተከተሏቸው። ኦክስጅን-18 የተባለ ከተለመደው የሚከብድ ኦክስጅን አለ። ለአልጌዎች ከባዱን ኦክስጅን በውሃው በኩል ሲሰጧቸው፣ የሚለቁት ጋዝ ከባድ ሆኖ ወጣ። በካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኩል ሲሰጧቸው ግን የሚለቁት የውሃውን ተከተለ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ከውሃ የወጣ ነው።

ልባም አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። በትምህርት ቤቱ ቀመር 6 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 የውሃ ሞሊኪውሎች ገብተው አንድ ግሉኮስና 6 የኦክስጅን ሞሊኪውሎች ይወጣሉ። 6 ውሃ ውስጥ ያሉት የኦክስጅን አቶሞች 6 ብቻ ናቸው፤ በወጣው ጋዝ ውስጥ ግን 12 አሉ። ታዲያ ሁሉም እንዴት ከውሃ ይመጣሉ? መልሱ ቀመሩ አጥሮ የተጻፈ መሆኑ ነው። በእውነቱ 12 ውሃ ይገባል፤ በሌላኛው ጫፍ 6 አዲስ ውሃ ይወጣል። ሂሳቡ ይሞላል።

ውሃ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነገር አይደለም። የፀሐይ ሚና የሚታየው እዚህ ነው። ብርሃን ክሎሮፊልን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ወደ ከፍተኛ የጉልበት ደረጃ ይነሣና ከቦታው ይሄዳል። የቀረው ክሎሮፊል ኤሌክትሮን የተጠማ ይሆናል፤ እጅግ ከመጠማቱ የተነሣ ከውሃ ላይ ይነጥቃል። የተነሣው ኤሌክትሮን ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን እየተቀባበለ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሌላ ክሎሮፊል ጋ ሲደርስ በሁለተኛ ብርሃን እንደገና ይነሣል። በመጨረሻ ኤንኤዲፒኤች የተባለ ሞሊኪውል ላይ ይጫናል። አንድ የኦክስጅን ሞሊኪውል ለማውጣት 4 ኤሌክትሮኖች መሄድ አለባቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ስለሚነሣ ቢያንስ 8 የብርሃን ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ።

ኤሌክትሮኑ ሲጓዝ ፕሮቶኖች ታይላኮይድ በሚባለው ቀጭን ከረጢት ውስጥ ይከማቻሉ። ግድብ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ተርባይን እንደሚያዞር፣ ፕሮቶኖቹ ሲወጡ አንድ የሚሽከረከር ኢንዛይም ያዞራሉ፤ እሱም ሴል ለሥራው የሚያወጣውን የጉልበት ሞሊኪውል፣ ኤቲፒን፣ ይሠራል። ይህን ሐሳብ ፒተር ሚቼል በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት። በመካከሉ በ1966 አንድሬ ጃገንዶርፍ ከባልደረባው ጋር ያደረገው ሙከራ አለ። የታይላኮይድ ሽፋኖችን አሲድ ውስጥ ነከሩ። ከዚያ ድንገት አሲድ ወዳልሆነ ፈሳሽ አዛወሯቸው። ሁሉም በጨለማ ነው። ኤቲፒ ተሠራ። ብርሃኑ የሚሠራው ፕሮቶኖቹን ማጠራቀም መሆኑ በዚህ ታየ።

የፀሐይ ጉልበት ወደ ኬሚካዊ ጉልበት ተቀየረ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው። ብርሃኑ ስኳሩ ውስጥ ገብቶ አልተደበቀም። ኤሌክትሮኖችን ከውሃ ላይ አንሥቶ ካርቦን ላይ አስቀመጣቸው፤ ኦክስጅኑንም ነጥሎ ለቀቀው። ስኳርና ኦክስጅን እንደገና ሲገናኙ ጉልበቱ ይመለሳል። 180 ግራም ግሉኮስ ከኦክስጅን ጋር ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል የሚወጣው 2,800 ኪሎጁል ገደማ ነው።

ይህን ከያዝን የ"ጨለማ ሂደቱ" ክርክር ብዙ አያቆየንም። ስሙ ያሳስታል፤ ጸሐፊው በስሙ ቢሳሳቱ አልፈርድባቸውም። ሜልቪን ካልቪን፣ አንድሩ ቤንሰንና ጄምስ ባሻም ጨረር የሚያወጣውን ካርቦን-14ን እንደ ምልክት ተጠቅመው አልጌ ውስጥ የተከተሉት ዑደት ነው። ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ባለ 5 ካርቦን ስኳር ላይ ያጣብቃል። የተገኘው ወዲያው ለሁለት ተከፍሎ ባለ 3 ካርቦን አሲድ ይሆናል። ከዚያ ስኳር ለመሥራት ለእያንዳንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 3 ኤቲፒና 2 ኤንኤዲፒኤች ይወጣሉ። ሁለቱም በብርሃን የተሠሩ ናቸው። ተመራማሪዎቹ ብርሃኑን ሲያጠፉ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል፤ ባለ 3 ካርቦኑ አሲድ ተጠራቀመ፣ ባለ 5 ካርቦኑ ስኳር ተመናመነ። ዑደቱ ስንቅ አጥቶ ቆመ። ከዚህም ሌላ የዑደቱ ዋና ዋና ኢንዛይሞች በጨለማ ሥራቸውን እንዲያቆሙ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አላቸው። ሂደቱ ብርሃንን በቀጥታ አይጠቀምም ማለት ሌሊት ይካሄዳል ማለት አይደለም።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። ቁልቋልና አናናስን የመሳሰሉ እጽዋት የቅጠላቸውን ቀዳዳ በብዛት የሚከፍቱት ሌሊት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሌሊት ወስደው በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል። ውሃ ለመቆጠብ ነው። ስኳሩን የሚሠሩት ግን ቀን፣ ቀዳዳውን ዘግተው፣ በፀሐይ ብርሃን ነው።

የመኝታ ቤቱን ፍርሃት በአጭሩ ልለፈው። እጽዋት ሌሊት ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ እውነት ነው። ያን ኢንገንሃውስ በ1779 አሳይቶታል። ቀንም ይወስዳሉ፤ ግን በብርሃን የሚለቁት ስለሚበልጥ አይታይም። ጥያቄው መጠኑ ነው። ያረፈ ሰው በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። ጥቂት የአበባ ማሰሮዎች ከዚህ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። አጠገባችን የሚተኛ ሰው ከእነሱ እጅግ በላይ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ማንም ግን በዚህ ምክንያት ሞትን አይፈራም። ለዚያው ያህል፣ አንድ ማሰሮ አበባ የክፍሉን ኦክስጅን ያበዛልኛል ብሎ መጠበቅም ከንቱ ነው።

የአማዞኑ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በጎ ዓላማ ያለው ስህተት ነው። ጸሐፊው ደኑ ይጠበቅ ማለታቸው ትክክል ነው። በዚህ አብሬያቸው ነኝ። ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ደን ቀን የሚያመርተውን ኦክስጅን ራሱ ሲተነፍስ፣ በውስጡ ያሉት እንስሳት፣ ይልቁንም የወደቀውን ቅጠልና ግንድ የሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች መልሰው ይጠቀሙበታል። ያደገ ደን በዓመቱ መጨረሻ ለዓለም የሚያተርፈው ኦክስጅን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። በምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ውቅያኖስ ውስጥ፣ በዓይን በማይታዩ ፍጥረታት የሚካሄድ ነው።

ታዲያ አየራችን ውስጥ ያለው 21 በመቶ ኦክስጅን ከየት መጣ? ከረጅም ጊዜ ቁጠባ ነው። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከተሠራው ቁስ ጥቂቱ ሳይበሰብስ ደለል ውስጥ እየተቀበረ ሄደ። የተቀበረው ካርቦን ኦክስጅኑን መልሶ ስላልወሰደ ኦክስጅኑ አየር ላይ ቀረ። ይህ ክምችት እጅግ ትልቅ ነው። በምድር ላይ ያሉት እጽዋት በሙሉ ቢቃጠሉ እንኳ ከኦክስጅኑ የሚጎድለው ከ1 በመቶ በታች ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን መጀመሪያውኑ ጥቂት ስለሆነ በከፍተኛ መጠን ይጨምራል። ስለዚህ አማዞን ሲቃጠል የሚያስፈራው ወደ አየር የሚሄደው ካርቦን ነው፤ የሚጠፋው ዝናብና የሚጠፉት ፍጥረታት ናቸው። እነዚህ ምክንያቶች ብቻቸውን ይበቃሉ። በሐሰት ምክንያት የተደገፈ ጥሩ ዓላማ፣ ሐሰቱ የተገለጠ ቀን አብሮ ይወድቃል።

የመጨረሻው የ1 በመቶው ክርክር ነው። ቁጥሩን እቀበላለሁ። ብዙ ሰብሎች በዓመት ውስጥ ከሚያገኙት የፀሐይ ጉልበት ገላቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ጥሩ የሶላር ፓነል 20 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይራል። ይህም ልክ ነው።

ከዚህ የተወሰደው፣ ፀሐይ መሠረት አይደለችም የሚለው መደምደሚያ ግን አይከተልም። አንድ ነገር ከመቶው 1 ብቻ ተጠቀመ ማለት፣ ያ 1 ከሌላ ቦታ መጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ በምድርና በባሕር እጽዋትና አልጌዎች ወደ ገላቸው የሚቀይሩት ካርቦን 100 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። ይህ ሁሉ ከዚያች ትንሽ ድርሻ የተሠራ ነው። የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይትም ከዚያው የተረፉ ናቸው።

ውድድሩም እኩል አይደለም። ፓነሉ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ይቆማል፤ ለማቆየት ሌላ ዕቃ ይፈልጋል። ተክሉ የሚሰጠው ለወራትና ለዓመታት የሚቀመጥ ቁስ ነው። ፓነሉ ከፋብሪካ ይወጣል። ቅጠል ራሱን ከአየር ይሠራል፤ የተበላሸውንም ራሱ ይጠግናል። ውሃውን ከሚሰነጥቀው ክፍል አንዱ ፕሮቲን በብርቱ ብርሃን ሲጎዳ አንዳንዴ በሰዓት ውስጥ በአዲስ ይተካል። ይህን ሁሉ ቆጥረንም ቢሆን፣ ብርሃንን በመያዝ ብቻ ከሆነ ፓነሉ ይበልጣል። ለጸሐፊው ይህን እሰጣለሁ።

ቀሪው ጉልበት የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ግን ከፍርዱ ይልቅ ይጠቅማል። ከፀሐይ ከሚመጣው ጉልበት ከግማሽ በላዩ ክሎሮፊል ሊጠቀምበት ከሚችለው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ካለው ብርሃን ውጭ ነው። ከተያዘውም ብዙው ወደ ሙቀት ይቀየራል። እንዲህ ሲሰላ፣ ሁሉ ነገር ቢመች ስንዴና ሩዝን የመሰሉት እጽዋት ሊደርሱ የሚችሉት ጣሪያ 4.6 በመቶ ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳን የመሰሉት 6 በመቶ። የልዩነቱ ምክንያት ሩቢስኮ ነው። ይህ ኢንዛይም ቀርፋፋ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ሞሊኪውሎች ብቻ ነው የሚያስተናግደው። በዚያ ላይ ኦክስጅንን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ እየተሳሳተ ይይዛል፤ ስህተቱን ለማረም ተክሉ የያዘውን ካርቦን በከፊል መልሶ ያጣል። ሩቢስኮ የተፈጠረው አየሩ ውስጥ ኦክስጅን ከሞላ ጎደል ባልነበረበት ዘመን ስለሆነ ያኔ ይህ ችግር አልነበረም። በቆሎና ማሽላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሩቢስኮ አጠገብ አጭቀው ስለሚያቀርቡለት ስህተቱ ይቀንሳል።

ለሌሎቹ ሰብሎች ይህን ኪሳራ ለመቀነስ ብዙ ተመራማሪዎች እየሠሩ ነው። በ2019 ይፋ በሆነ ሥራ፣ ስህተቱ የሚታረምበትን ረጅም መንገድ የሚያሳጥሩ ጂኖች ትምባሆ ውስጥ ገቡ። እጽዋቱ ሜዳ ላይ፣ ካልተለወጡት ጎን ለጎን ተተከሉ። የሠሩት ደረቅ ቁስ ከሌሎቹ ከ40 በመቶ በላይ በለጠ። ሁለቱም ያደጉት አንድ ዓይነት አፈር ላይ፣ በአንድ ፀሐይ ሥር ነው። ትምባሆ የተመረጠው ለሙከራ ስለሚቀል ነው፤ አሁን ትኩረቱ ይኸው ነገር በምግብ ሰብሎች ላይ ይሠራ እንደሆነ ማየት ላይ ነው።